ሦስት ሌሊት ሀዋሳ፦ ከሁለት ልጆችና ጉልበታቸውን ከሚያማቸው እናት ጋር

የሁለት እናት፦

ጤና ይስጥልኝ። ታኅሣሥ 17 ከአዲስ አበባ ተነሥተን ሀዋሳ ሦስት ሌሊት አድረን በ20 ልንመለስ ነው። አምስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ሴት ልጅ፣ የ4 ዓመት ወንድ ልጅ እና እናቴ። ልጆቹ ተወልደው ያደጉት ቨርጂኒያ ነው። እናቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ መንፈሳቸው ጠንካራ ነው፣ ጉልበታቸው ግን ደረጃና ዳገት አይችልም። መኪና ከነሾፌሩ ይዘናል። ሆቴል ገና አልያዝንም።

የምጠይቀው፦ ጀልባ ለ4 ዓመት ልጅ ይሆናል ወይ? ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ ቢዋኙ ችግር አለው? አሞራ ገደል የሚባለው የዓሣ ገበያ ስንት ሰዓት ነው የሚኬደው? አንድ ዘመዳችን ደግሞ «ሻላ ሐይቅንም የወንዶ ገነትን ፍል ውሃም በመንገዳችሁ አይታችሁ ማታ ሀዋሳ ትገባላችሁ» ይለናል፤ ያስኬዳል? «ደስ ይላል፣ ሂዱ» የሚለውን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ዝርዝሩን የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

የሐይቅ ዳር፦

እንኳን ደህና መጣችሁ እህቴ። ሰዓቱን ሁሉ በሀገር ቤት አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ባለቤትሽ እንዳይደናገር።

ሀዋሳ የጠዋት ከተማ ናት። ሐይቁን የሚመለከተውን ነገር ሁሉ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ውሃው ይናወጣል፣ ትንሽ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ይረጥባል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አርፍዶ ይነሣል፣ ቁርስ ላይ ይቆያል፣ 5 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ሲደርስ ዓሣው ተሸጦ አልቋል፣ ጀልባው ይንገላታል፣ ልጆቹ በፀሐይ ይነጫነጫሉ።

አሞራ ገደል ከ12፡30 እስከ 2፡30 ባለው ጊዜ ሂዱ። መረቡ ማታ ተጥሎ ያድራል፣ ንጋት ላይ ይወጣል። ጀልባዎቹ ሲጠጉ ወጣቶቹ እዚያው ዳር ላይ ዓሣውን ይገፍፋሉ። ልጅሽን አንዱ አጠገብ አቁሚያትና ትይ፦ ቢላዋው ከጉንጩ ጀርባ ይገባል፣ የጀርባ አጥንቱን ተደግፎ እስከ ጅራቱ ይወርዳል፣ ዓሣው ይገለበጣል፣ ሌላኛው ጎን እንደዚያው ይወጣል። ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። የሚቀረው አጥንት ወደ ኋላ ሲወረወር አባ ኮዳዎቹ ይሻማሉ። አባ ኮዳ ያ አንገቱ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለ መላጣ ትልቅ ወፍ ነው። ቁመቱ እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል፣ ማለትም ከ4 ዓመት ልጅሽ ይበልጣል፤ ስለዚህ ልጁን እጁን ይዛችሁ እንጂ ለቃችሁ አይሆንም። ወፉ ሰው አያሳድድም፤ ዓሣ የያዘ እጅ ካየ ግን መንቁሩ ፈጣን ነው። ለዘጠኝ ዓመቷ አንድ ነገር ንገሪያት፦ እግሩ ነጭ የሚመስለው ሙቀት ለማብረድ የራሱን ኩስ እግሩ ላይ ስለሚለቅ ነው። ልጆች ይህን ከሰሙ ሌላውን ሁሉ ይረሳሉ።

መግቢያ ይከፈላል። ሀገር ቤት ያለ ሰውና የውጭ ዜጋ የሚከፍሉት ስለሚለያይ የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ካላችሁ ዋጋ ሳይነገራችሁ በፊት አሳዩ። መሬቱ እርጥብና አንሸራታች ነው፤ ክፍት ጫማ አይሆንም። እናትሽ ወደ ዓሣ መሸጫው መውረድ የለባቸውም፤ ዛፎቹ ሥር ወንበር ይዘው ቢቀመጡ ዝንጀሮ መሰሎቹ እሳቸው ጋ ይመጣሉ።

ዝንጀሮ መሰሎች ያልኩት ሁለት ዓይነት ስለሆኑ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ጭራው ረጅም፣ ከላይ ቅርንጫፍ ላይ የሚቀመጠው ጉሬዛ ነው። ቅጠል በላ ነው፤ የሰው ምግብ ብዙም አይፈልግም፤ አውራ ጣትም የለውም፣ ልጆቹ እጁን እንዲያዩ አድርጊ። ግራጫ መልክ ያለው ጦጣ ግን ሌባ ነው። ሙዝና ለውዝ የሚሸጡ ልጆች «አብሉ» ይሏችኋል፤ ባትገዙ ይሻላል። ጦጣ የፌስታል ድምፅ ከምግብ ጋር አገናኝቶ የለመደ ስለሆነ ባዶ ፌስታልም ቢሆን ይነጥቃል። ብስኩት ቦርሳ ውስጥ ይቆለፍ፣ ልጁ በእጁ ምንም አይያዝ።

ጀልባ ለ4 ዓመት ልጅ ይሆናል፣ የልጅ ላይፍ ጃኬት ካለ ብቻ። በአብዛኛው የሚሰጠው የአዋቂ ነው። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ አልብሰሽ፣ ሁሉንም ቆልፈሽ፣ ሁለቱን ትከሻ ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው። ጃኬቱ አገጩን አልፎ ጆሮው ጋ ከደረሰ ሰፍቶታል፤ ውሃ ውስጥ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ከሥሩ ይሾልካል። ከአሜሪካ ስለምትመጡ ከ30 እስከ 50 ፓውንድ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ በእግሮቹ መሐል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው ጃኬት ከዚያው ይዘሽ ነይ። የስፖንጅ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ ችግር የለውም።

ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት አራት ነገር አስረግጣችሁ ጠይቁ፦ ዋጋው ለጀልባው ነው ለሰው? ስንት ደቂቃ ነው? ጉማሬው ድረስ ነው ወይስ ዙሪያውን አዙሮ መመለስ ነው? መጠባበቂያ ነዳጅ አለ? ክፍያው ስትመለሱ ይሁን። ጣሪያ ያለው የሞተር ጀልባ ምረጡ፤ የዓሣ አጥማጆቹ የእንጨት ጀልባ ለፎቶ ያምራል እንጂ ለልጅ አይሆንም። ጉማሬ ጥልቅ ውሃ አይወድም፤ መሬት እየረገጠ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ደረት የሚደርስ ውሃ ባለበት፣ ሸምበቆ አካባቢ ነው የምታገኙት። ጎበዝ ጀልባ ነጂ ከ50 ሜትር በላይ ርቆ ሞተሩን ይቀንሳል፣ በጉማሬውና በጥልቁ ውሃ መካከል አይገባም። «ጠጋ በልልን» ብሎ የሚለምነው ተሳፋሪው ነው፤ እናንተ አትለምኑት። በጀልባው ላይ ማንም ቆሞ ፎቶ አያንሣ።

እናትሽ መሳፈር ከፈለጉ ከባዶ ዳርቻ ሳይሆን መሳፈሪያ መድረክ ካለበት፣ ለምሳሌ ከሐይቅ ዳር ሆቴሎች አንዱ ጋ ይሳፈሩ። ጀልባው ከፊትም ከኋላም ታስሮ ይያዝ። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ይቀመጡ፣ ከዚያ እግራቸውን አንድ በአንድ ያዙሩ። ቆመው ከረገጡ ጀልባው ይሸሻል፣ ጉልበት የሚጎዳውም ያኔ ነው።

ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳር መንሸራሸሪያ ነው። ሜዳ ነው፣ ደረጃ የለውም ማለት ይቻላል፣ ለእናትሽም ለልጅ ጋሪም ይመቻል። የሀዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ገባር አለው፣ የሚታይ መውጫ ግን የለውም። ከመሸ በኋላ መብራት ካለበት አትራቁ፤ ጉማሬ ሣር የሚግጠው ሌሊት ወጥቶ ነው።

ጤና ጣቢያ፦

ስለ መዋኘት ለጠየቁት፦ አይዋኙ። እግር ማጥለቅም ይቅር።

ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ተሸካሚው ሸምበቆና ሣር ባለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው፣ ልጆች ደግሞ የሚጫወቱት እዚያው ነው። ጥገኛ ተውሳኩ ቆዳ ለመብሳት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ቁስል አያስፈልገውም። ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚለቀቀው ፀሐይ በበረታበት በቀትር አካባቢ ነው። ከጀልባ ላይ የሚረጭ ጠብታ አያሳስብም፣ ቶሎ በፎጣ ማድረቅ ነው። ልጁ አምልጦ ከገባ ወዲያውኑ በፎጣ አሽታችሁ አድርቁት፤ ያም ሆኖ ሲመለሱ ለሐኪም ይንገሩ። ምርመራው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው የሚታመነው፤ በሳምንቱ ተመርምሮ «ነፃ ነው» መባሉ ምንም ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ በሐኪም ትእዛዝ።

ልጆቹ ውሃ ካማራቸው የሆቴል ገንዳ አለ። ከመግባታቸው በፊት የገንዳውን ወለል አይታችሁ አረጋግጡ፤ ወለሉ ጥርት ብሎ የማይታይበት ገንዳ ውስጥ ልጅ አይገባም። የልጆቹ ክፍል ከትልቁ በግንብ የተለየ መሆኑን፣ ተቆጣጣሪ መኖሩን ጠይቁ። በታኅሣሥ ጠዋት ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ጥሩ ነው።

ወባ። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ወባ የሚያሰጋበት ከፍታ ላይ ናት፤ ዋናው ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። አሜሪካ ያደጉ ልጆች መከላከያ አቅም የላቸውም። መከላከያ መድኃኒቱን በተመለከተ ከመነሣትዎ በፊት የልጆቹን ሐኪም ያማክሩ፤ አንዳንዱ ከጉዞው ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት፣ አንዳንዱ ከሁለት ሳምንት በፊት የሚጀመር ስለሆነ ጉዞው ሊደርስ ሲል መጠየቅ ምርጫ ያሳጣል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ እጅጌና ሱሪ ረጅም ይሁን፣ የሚቀባ ማባረሪያ ይጠቀሙ፣ አጎበሩ ፍራሽ ሥር ይወተፍ። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ባሉት ወራት ልጅ ካተኮሰው «ወባ ያለበት ቦታ ነበርን» ብለው ይንገሩ፤ እዚያ ያለ ሐኪም በራሱ ላያስበው ይችላል።

ጦጣ ከቧጨረ ወይም ከነከሰ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ በሰዓት ይዘው ይጠቡ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጉዳይ ነው፤ ቁስሉ ትንሽ ነው ተብሎ አይታለፍም።

አሞራ ገደል ላይ ጥሬ ዓሣ በሚጥሚጣና በአዋዜ ይቀርባል። ለልጆቹም ለእናትዎም አልመክርም። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ቆሮሶና አምባዛ ሥጋና ሆድ ውስጥ የትል እጭ የተለመደ ነው፤ ሎሚና በርበሬ አይገድሉትም፣ እሳት ነው የሚገድለው።

መንገደኛው፦

ዘመዳችሁ ያሉት በካርታ ላይ ያስኬዳል፣ ከልጅ ጋር አያስኬድም። ሒሳቡን እዩት። አዲስ አበባ–ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዳማው የፍጥነት መንገድ እስከ ሞጆ፣ ከዚያ በአዲሱ የፍጥነት መንገድ እስከ ባቱ (ዝዋይ) ቶሎ ይኬዳል። የሚያዘገየው ከባቱ ወዲያ ነው፦ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ፣ ላንጋኖ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ። ከብት፣ የአህያ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ከባድ መኪና በአንድ መንገድ ነው የሚሄደው። ባጠቃላይ ከማረፊያው ጋር ከ5 እስከ 6 ሰዓት ያዙ። ሻላ ቢያንስ 2 ሰዓት ይወስዳል፣ ወንዶ ገነት ደርሶ መመለስና መታጠብ ግማሽ ቀን። ሁለቱንም ከጨመራችሁ ከአርሲ ነገሌ ወዲያ በጨለማ መሄዳችሁ ነው፣ በጨለማ ደግሞ መብራት የሌለው ጋሪ ፊታችሁ ድንገት ነው የሚገኘው። አይሆንም።

እንዲህ አድርጉ። ስትሄዱ ከአዲስ አበባ ንጋት 12 ሰዓት ተነሡ። በፍጥነት መንገዱ ላይ እንደ ልብ የሚቆምበት ስለሌለ ልጆቹ ሽንት ቤት ሳይሄዱ አይነሡ። ለሚያቅለሸልሸው ልጅ ከመነሣቱ በፊት ደረቅ ዳቦ እንጂ ወተት አትስጡት፤ መስኮት በኩል ሳይሆን መንገዱን ፊት ለፊት የሚያይበት ቦታ አስቀምጡት። ባቱ ላይ ቁርስ ብሉና ሐይቁ ዳር ውረዱ፤ ይብራና አባ ኮዳ ከመኪናችሁ ጥቂት እርምጃ ላይ ታያላችሁ፣ እናትሽም መራመድ አያስፈልጋቸውም። 45 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በቀጥታ ሀዋሳ።

ሻላን ለመመለሻ ቀን አቆዩት። የአቢያታ–ሻላ ብሔራዊ ፓርክ በር ዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ መንገድ መገንጠል የለም። ከበሩ ብዙም ሳይርቁ ሰጎን፣ የሜዳ ፍየልና ከርከሮ በቅርበት ይታያሉ፤ ጠባቂ ይዛችሁ ነው የምትገቡት፣ ዝቅተኛ መኪና ከሆነ መጀመሪያ ለጠባቂው አሳዩት። ሁለቱን ሐይቆች በአንድ ላይ የሚያሳየው ከፍታ ላይ ለልጃችሁ ማስረዳት ይቻላል፦ ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቅ ነው፣ አቢያታ ግን ጥልቀት የሌለውና እየሸሸ ያለ ሐይቅ ነው። ነጭ ሆኖ የሚታየው ሜዳ ትናንት ውሃ የነበረ ነው። ሻላ ዳር ያለው ፍል ውሃ ጋ ከወረዳችሁ ትንሹን ልጅ ተሸከሙት፤ ውሃው ያቃጥላል፣ ዳሩ ያለው ቅርፊት ጠንካራ መስሎ ይሰበራል።

ልጆቹ የግድ ሐይቅ ውስጥ መግባት አለባቸው ካላችሁ ላንጋኖ ነው ከአካባቢው ሐይቆች ለዋና የሚመረጠው። ውሃው ቡናማ ነው፣ ቆሻሻ ሆኖ ሳይሆን የአፈሩ ቀለም ነው። ያም ቢሆን ታች ያለውን ስለማያሳይ ልጅ ከክንድ ርቀት አይለይ።

ወንዶ ገነት በራሱ ግማሽ ቀን ይገባዋል፤ ከሀዋሳ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ላይ ያለው ምንጭ እንቁላል፣ ድንችና በቆሎ ይቀቅላል፤ ልጆቹን የሚያስደንቃቸው እሱ ነው። ጥሬ እንቁላል በማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ ወይም በመረብ አስራችሁ በገመድ ነው የምታወርዱት፣ በእጅ የሚጠጋ የለም። መታጠቢያው ለእናትሽ ጉልበት ደስ ይላል። ለትንሹ ልጅ ግን ከ10 ደቂቃ አይለፍ፣ ሲወጣ ውሃ ይጠጣ። ገንዳ የሚታጠብበትና የሚዘጋበት ቀን ስላለ አስቀድማችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ። ለማንኛውም የትኛውንም መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ሾፌሩ የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ይጠይቅ።

የታቦር ልጅ፦

ሁላችሁም ቀኑን አላያችሁትም እንዴ? ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ነው!

እህቴ፣ ሀዋሳ ገብርኤል ከቁልቢ ቀጥሎ ሰው ከየአገሩ የሚጎርፍበት ንግሥ ነው። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ከተማዋ ትሞላለች። ከ17 ጀምሮ ሆቴል ይጠፋል፣ የተገኘውም ዋጋው የዘወትሩ አይደለም። የፈረንጆቹ ገና ዕረፍትም አብሮ ይገጥማል። «ሆቴል ገና አልያዝንም» ያልሽውን አሁኑኑ አስተካክይ። በስልክ ብቻ «ይዘንላችኋል» መባል በዚህ ሳምንት አይበቃም፤ ቅድሚያ ክፍያ ክፈይ፣ ደረሰኝ በጽሑፍ ተቀበይ፣ ስንት አልጋ፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ሊፍት እንዳለ የሚል ይጻፍበት። «ሊፍት አለ» ማለትና ሊፍቱ ይሠራል ማለት የተለያየ ነው፤ ለእናትሽ ምድር ቤት ጠይቂ።

ወይም ከ21 እስከ 24 አድርጉት። ያው ሀዋሳ ነው፣ በግማሽ ሰው።

ታቦር ተራራን ማንም አላነሳውም። ለእናትሽና ለትንሹ አይሆንም፣ ለባልሽና ለዘጠኝ ዓመቷ ግን ከጀልባው ይበልጣል። ንጋት 12፡30 ጀምረው ቀስ ብለው ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወጣሉ። ከተማው፣ ሐይቁ፣ ማዶ ያለው ተራራ በሙሉ ይታያል። ልቅ ጠጠር ስለሆነ መውረዱ ነው የሚያንሸራትተው፤ ጎድጎድ ያለ ሶል ያለው ጫማ፣ ለሰው 1 ሊትር ውሃ፣ አካባቢውን የሚያውቅ አንድ ወጣት ይዘው ይሂዱ። ብቻቸውን አይውጡ።

የሁለት እናት፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የገብርኤልን ነገር ለእናቴ ስነግራቸው ጉዳዩ ከእጄ ወጣ፤ «እንኳን 21 ሊሆን፣ በ16 እንሂድ» ብለዋል። ስለዚህ 19ን እዚያው ነን። ዛሬ ሆቴል በቅድሚያ ክፍያ ይዘናል፣ ምድር ቤት። አሁን የሚያስጨንቀኝ የ4 ዓመቱ ልጅና ሕዝቡ ነው። ደግሞ እናቴ ይጾማሉ፤ ሁሉ ነገር ዓሣ በሆነበት ከተማ ምን ይበላሉ?

የታቦር ልጅ፦

እናትሽ ልክ ናቸው፤ ስለቱ ካለ ንግሡን ማለፍ የለም።

አምስታችሁም አብራችሁ አትሂዱ። ትንሹ ልጅ ከአንዳችሁ ጋር ሆቴል ወይም ሐይቅ ዳር ይቅር። ቤተ ክርስቲያኑ መሐል ከተማ አደባባዩ ላይ ነው፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ ይወርዳል፤ ስለዚህ ለሁለት መከፈል ከባድ አይደለም። ማኅሌቱ ሌሊቱን ይቆማል፤ ታቦቱ የሚወጣው ረፋድ ላይ ነው፣ ግፊያውም ያኔ ነው። እናትሽ ተረጋግተው መሳለም ከፈለጉ በዋዜማው በ18 ከሰዓት በኋላ ይሂዱ። በ19 ደግሞ ንጋት ላይ ገብተው ታቦቱ ሳይወጣ ጥላ ያለው ቦታ ይያዙ፤ ከሞላ በኋላ ቦታ መፈለግ ጉልበት ላለው ሰውም ከባድ ነው። የምትታጠፍ በርጩማ ይዛችሁላቸው ሂዱ። ከታኅሣሥ 19 በፊት ሾፌሩ አካባቢውን ይየው፤ በዕለቱ ዙሪያው ለመኪና ይዘጋል። ራቅ አድርጎ ያውርዳችሁና የምትገናኙበትን አንድ ቦታ በስም ቁረጡ። «እደውላለሁ» ብላችሁ አትለያዩ፤ ያን ያህል ሕዝብ ባለበት ኔትወርክ ይጨናነቃል።

የሴቷን ልጅ እጅ አንጓ ላይ የሁለታችሁን ስልክ በማይለቅ ቀለም ጻፊበት፣ በሀገር ውስጥ ቁጥር እንጂ የአሜሪካውን አይደለም። ሞባይልና ቦርሳ ከፊት ይሁን። ነጠላ ለሷም ያዢላት።

የሐይቅ ዳር፦

የጾሙ ነገር ቀላል ነው። ጾመ ነቢያት እስከ ታኅሣሥ 28 ስለሆነ የጾም በያይነቱ የሌለበት ምግብ ቤት የለም። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር እዚህ አንከፍተውም፤ የእናትሽን አቋም ጠይቀሽ እሱን ያዢ። ብቻ ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት ላይ ድንች ወይም ሳምቡሳ እንዳይጠበስላቸው አስቀድመሽ ንገሪ፤ ብዙ ዓሣ ቤት መጥበሻው አንድ ነው።

ለልጆቹ ፊሌቶ እዘዢ፤ ጎድኑ ወጥቷል። ያም ሆኖ መሐሉን በጣትሽ ዳሰሽ ስጪ፣ ከፊት በኩል ጥቂት ቀጫጭን እሾህ ይቀራል። ሙሉ ጥብስ ቆሮሶ መልኩ ያምራል፣ ለ4 ዓመት ልጅ ግን እሾሁ ብዙ ነው። ዓሣ ስትመርጡ ዓይኑ ወጣ ያለና የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። ዓይኑ ከገባና ከደፈረሰ የትናንት ነው። አንድ ነገር ደግሞ ለዘጠኝ ዓመቷ፦ እናት ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምታስፈለፍለው፤ በዚያ ጊዜ አትበላም።

እንግዲህ ቀኑን እንደገና እንደልድል። 17፦ ደርሳችሁ ዕረፍት፣ ማታ ፍቅር ሐይቅ። 18፦ ጠዋት 12፡30 አሞራ ገደል፣ 1፡30 ላይ ጀልባ፣ ቀትር ላይ ገንዳና እንቅልፍ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ እናትሽ ገብርኤል። ከተማው ስለሚሞላ ጀልባውን በ17 ማታ ተነጋግራችሁ ያዙት። 19፦ ንግሡ። ከሰዓት ምንም አትጨምሩበት። ወንዶ ገነት ቀርቷል ማለት ነው፤ በ19 ከሰዓት ለመሄድ ብትሞክሩ ከከተማ መውጣቱ ብቻ ያማርራችኋል። 20፦ ባልሽና ልጅሽ ታቦርን የሚፈልጉ ከሆነ ንጋት ላይ፣ 3 ሰዓት ላይ ተነሥታችሁ ሻላ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። በዚያ ቀን ተሳላሚውም ስለሚመለስ መንገዱ ይጨናነቃል፤ ታቦርን ከተዋችሁት 1 ሰዓት ላይ ተነሡ።

ጉዱማሌን ሰው ከነገራችሁ፣ እሱ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ የሚከበርበት ሐይቅ ዳር ያለ ሜዳ ነው። በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ሲሆን፣ ቀኑን አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎች ከዋክብት ተመልክተው ነው የሚቆርጡት፤ በታኅሣሥ አይውልም። ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ «አይዴ ጫምባላላ» የሚሉበትና ቡርሳሜ (ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራ ምግብ) የሚበሉበት ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ከልጆች ጋር ብትመጡ እሱ ይሻላል። አሁን ግን ለልጅ ኳስ መጫወቻ ሜዳ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት።

የሁለት እናት፦

ግልጽ ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለቅርብ ቅርቡ በባጃጅ ብንሄድ ለልጆቹ ያሰጋል?

የታቦር ልጅ፦

ከተማው ሜዳ ስለሆነ ባጃጅ ያስኬዳል፤ ግን ከኋላ ሦስት ሰው ነው፣ አምስታችሁ ሁለት ባጃጅ ናችሁ። «ኮንትራት» ካላላችሁ በመንገድ ሌላ ሰው ይጭናል። ዋጋውን ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ልጆቹ መሐል ይቀመጡ፣ በሩ ክፍት ስለሆነ ጠርዝ ላይ አዋቂ ይሁን። በ19 ጠዋት ግን ባጃጅ ወደ አደባባዩ ስለማይጠጋ የመጨረሻውን በእግር ነው፤ ለእናትሽ የሚደገፉበት ክንድ አይለያቸው። ጫማቸው ደግሞ ሳይጎነበሱ የሚወልቅ ይሁን፣ ሲያወልቁም ደጅ ላይ አይተዉት፤ በፌስታል አድርገሽ አንቺ ያዢው፣ በዚያ ሁሉ ጫማ መሐል የራስን ፈልጎ ማግኘት አይታሰብም።